የፔጆ 404 ፓራፋንጎ ከብየዳ በኋላ ረገበብኝ

እዚህ ሐረር ለብዙ ዓመታት በታክሲነት ካገለገሉት ፔጆ 404 መኪኖች አንዷን ከአባቴ ተረክቤ ወደ ቀድሞ መልኳ ለመመለስ እየሠራሁ ነው። የግራ ፊት ፓራፋንጎዋን (ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ ላሜራ) ዝገት በልቶት ስለነበር፣ የተበላውን ቆርጬ ካወጣሁ በኋላ 0.8 ሚሊሜትር ላሜራ አሸዋ በተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጬ ቅርጽ አስያዝኩና በኦክስጅን በየድኩት። ከመበየዱ በፊት ቁራጩ በትክክል ገጥሞ ነበር። ሲቀዘቅዝ ግን የብየዳው መስመር ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ከመስመሩ በላይ ያለው መዳፍ የሚያህል ቦታም በአውራ ጣት ሲጫኑት ቷ ብሎ ይገባል፣ ሲለቁት ተመልሶ ይወጣል።

የረገበውን ለመሰብሰብ የሳንቲም ያህል ቦታ እስኪቀላ አግዬ በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝኩት፤ ሁለቴ ብደግመውም እርግበቱ ወደ በሩ በኩል ተዛወረ እንጂ አልጠፋም። በስቱኮ ሙላው የሚሉኝ አሉ፤ ነገር ግን በሚንቀሳቀስ ላሜራ ላይ የተቀባ ስቱኮ መሰንጠቁ አይቀርም፣ የዚህችን መኪና ቅርጽም ብረቱ ራሱ እንዲይዘው እፈልጋለሁ።

ብየዳ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ጥፋቱ ያለው ከረገበው ቦታ ሳይሆን ከመስመሩ ላይ ይመስለኛል። ታዲያ ማጋሉን ትቼ የብየዳውን መስመር ከኋላ በብረት ደግፌ በመዶሻ እየመታሁ ልዘርጋው ወይስ ቁራጩን ቆርጬ አውጥቼ እንደገና ልጀምር?