የርብ ክትር ከፍ ይበል ወይስ ከወንዙ ይራቅ?

ጠያቂው (ወረታ)፦ የርብ ወንዝ ከጉና ተራራ ሲወርድ ጉልበተኛ ነው። ፎገራ ሜዳ ሲደርስ ግን ይተኛል። ደለሉን ያራግፋል፣ የራሱን መሄጃ ይሞላል፣ ከዚያ ዳሩን ሰብሮ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የ1998 ክረምት ጎርፍ በወንዙ ግራና ቀኝ ያሉትን ፎገራንም ሊቦ ከምከምንም ምን እንዳደረገ የምናስታውስ ብዙ ነን። አሁን በእኛ ሰፈር ሁለት ሐሳብ አለ። አንዱ «በወንዙ ዳር የተካበው የአፈር ክትር ተጠግኖ ከፍ ይበል» ይላል። ሌላው «ክትሩ ከወንዙ ወደ ኋላ ይራቅ፣ ወንዙ መንፈላሰሻ ያግኝ» ይላል። እኔ ከፍ ይበል ባይ ነኝ። እናንተስ?

የወንዝ ዳር ገበሬ፦ ከፍ ይበል። ወደ ኋላ ይራቅ የምትሉ ሰዎች፣ በክትሩና በወንዙ መካከል የሚቀረው መሬት የማን እንደሆነ አስባችኋል? የእኔ ነው። ሩዝ ውኃ ይወዳል ትሉኛላችሁ። አዎ ይወዳል። አሸዋ ግን አይወድም። ቡቃያው በአንድ ሌሊት ደለል ተጭኖበት ሲያድር ያየ ሰው እንዲህ አይናገርም።

የውኃ ምህንድስና ተማሪ (ባሕር ዳር)፦ አያ፣ የመሬቱ ነገር እውነት ነው፣ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ግን ክትሩ የሚያደርገውን ልናገር። ድሮ ወንዙ ሲሞላ ደለሉን በሜዳው ሁሉ ይበትነው ነበር። በሁለት ክትር መሃል ሲታጠር ብዙው እዚያው ይቀራል። የወንዙ ወለል ከፍ ይላል። ስለዚህ ክትሩም እንደገና ከፍ ይላል። እንዲህ እየቀጠለ ውኃው ከማሳው በላይ ተሰቅሎ መሄድ ይጀምራል። ያ ክትር የተሰበረ ዕለት ውኃው ቀስ ብሎ አይመጣም፣ በአንዴ ነው የሚደፋው። ተመልሶ ወደ ወንዙም አይገባም፣ ወንዙ ከማሳው በላይ ነውና።

በዚህ ላይ ጣና አለ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሐይቁ ሞልቶ ስለሚቆይ ርብ ታችኛው ጫፍ ላይ ይዘገያል። የዘገየ ውኃ ደግሞ የያዘውን ይጥላል።

ጠያቂው (ወረታ)፦ ላይኛው ግድብስ? ጎርፉን እሱ ይይዘዋል ሲባል ነበር እኮ።

የውኃ ምህንድስና ተማሪ (ባሕር ዳር)፦ የርብ ግድብ 234 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። ብዙ ነው፣ ይረዳልም። ግን ከግድቡ በታች የሚገቡ ጅረቶች አሉ። እነሱን ማንም አይይዛቸውም። ሌላው የአሸዋ ቁፋሮ ነው። ድልድዩ አካባቢ በየቦታው ሲቆፈር ወንዙ እዚያ ይጎደጉዳል፣ የድልድዩንም እግር ያጋልጣል።

ከማዶ (ሊቦ ከምከም)፦ ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ወዲያኛው ዳር ብቻ ነው። ርብ ሁለቱን ወረዳ ይለያል። እናንተ አንድ ሜትር ከፍ ስታደርጉ ውኃው የት የሚሄድ ይመስላችኋል? እኛ ቤት ነው የሚገባው። እኛም ተሰብስበን የእኛን ከፍ እናድርግ? ከዚያ እናንተ ደግሞ ልትጨምሩ ነው? እኔ ማንንም መክሰስ አልፈልግም። ግን ለአንድ ወንዝ ሁለት ዕቅድ ሊኖር አይገባም።

የወንዝ ዳር ገበሬ፦ ይሄን አላሰብኩትም ብል ውሸት ነው። አስቤዋለሁ። ግን ልጆቼን ይዤ ውኃ ውስጥ ሳድር ስለ ማዶ ማሰብ ከበደኝ።

ድሬዳዋ ያደግኩ፦ የእኛ ወንዝ ደቻቱ ከርብ ጋር አይመሳሰልም። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሐምሌ 1998 ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ መጣ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ዝናቡ በዋናነት የጣለው ከላይ ደጋው ላይ ነው፣ ታች ያለው ሰው ምን እንደሚመጣበት አላወቀም። ስለዚህ ስለ ክትሩ ስትከራከሩ ስለ ስልኩም አስቡ። ላይ ሆኖ ውኃውን የሚያይ ሰው፣ ታች ሆኖ ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሰው፣ በየመንደሩ ጡሩምባ የሚነፋ ሰው ይመረጥ። ብዙ ገንዘብ አይፈልግም።

የሽና መንደር እናት፦ እኔ ክትሩ ለቤት ይሁን ነው የምለው። መንደሩ፣ ትምህርት ቤቱና ጤና ጣቢያው በጠንካራ ክትር ይከበቡ። ማሳው ላይ ውኃው ይግባና ይውጣ። አባቶቻችን ውኃው ሲሸሽ በእርጥበቱ ጓያና ሽምብራ ዘርተው ኖረዋል። ጣና ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት፣ ባሕር ሸሹም የሚታረሰው እንዲሁ ነው። ቤት ከፈረሰ ግን የከረመው እህልም፣ ከብቱም፣ የልጆቹ ደብተርም አብሮ ይሄዳል። ውኃው ሲጎድል ደግሞ ወባው ይከተላል። እኔ የማለቅሰው ለዚህ ነው።

የወንዝ ዳር ገበሬ፦ እህቴ፣ ይሄ ይሻላል። ግን ደለል የበላው ማሳ ካሳው በወረቀት ይጻፍ። በቃል ተነግሮኝ ያውቃል። ምትክ መሬት የሚባልም ከሆነ የትኛው እንደሆነ ሄጄ ልየው፣ ከዚያ እፈርማለሁ።

የውኃ ምህንድስና ተማሪ (ባሕር ዳር)፦ እመለስበታለሁ ያልኩት ይሄንኑ ነበር። ክትር ወደ ኋላ ሲርቅ የአንዱ ሰው መሬት ለሁሉም ይከፍላል። ሁሉም ለእሱ ካልከፈለ ዕቅዱ ፍትሕ የለውም፣ አይቆምምም።

ጠያቂው (ወረታ)፦ እሺ፣ ሐሳቤን በከፊል ቀይሬያለሁ። የተሰበረው ቦታ ከክረምቱ በፊት ይደፈን፣ ይሄ አይጠብቅም። ከፍ ማድረጉ ግን ይቆይ። እሑድ ስብሰባ አለን። የሁለቱም ዳር ገበሬ ይገኝ፤ ከማዶ ያላችሁ፣ የእናንተን ዳር ገበሬ ይዛችሁ ኑ። እናንተ ካልመጣችሁ ስብሰባው እንዲራዘም እጠይቃለሁ።

ከማዶ (ሊቦ ከምከም)፦ እንመጣለን። ሽማግሌዎቻችን ወንዙ ድሮ የሄደበትን ሦስት ቦታ ያውቃሉ፣ ያሳዩዋችኋል።