የማሪኖች አነጋገር ለምን የመርከብ ሆነ?

ጥያቄ፦
የእኅቴ ልጅ የአሜሪካ ማሪን ጦር ሥልጠናውን ጨርሶ ሲመለስ ወለሉን «ዴክ»፣ በሩን «ሃች»፣ መጸዳጃ ቤቱን ደግሞ «ሄድ» ማለት ጀመረ። የሠለጠነው በየብስ ላይ ሆኖ ሳለ እነዚህ የመርከብ ቃላት ከየት መጡበት? በተለይ መጸዳጃ ቤት እንዴት «ራስ» ሊባል እንደቻለ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦
ጦሩ እ.ኤ.አ. በ1775 ሲመሠረት ማሪኖች በጦር መርከቦች ተሳፍረው የሚዋጉ ወታደሮች ስለነበሩና ዛሬም በባሕር ኃይል ሚኒስቴር ሥር ስለሚገኙ፣ በየብስ በተሠራ ሰፈር ውስጥ እንኳ መርከብ ላይ እንዳሉ ሆነው ይናገራሉ። በሸራ መርከቦች ዘመን ደግሞ የተራ መርከበኞች መጸዳጃ የሚገኘው ማዕበሉ እየተረጨ በሚያጥበው በመርከቧ ፊት፣ ማለትም በራሷ በኩል ነበር፤ ስሙም ከዚያ ቀረ።

መልስ 2፦
እኔ ከሁሉ የምወደው «ስከትልበት» የሚለውን ነው። ቃሉ በመጀመሪያ የመርከበኞች የመጠጥ ውኃ በርሜል ስም ነበር፤ ዙሪያውን ቆመው ሲጠጡ ወሬ ስለሚለዋወጡ፣ ዛሬ የውኃ መጠጫውም ጭምጭምታውም በዚሁ ስም ይጠራሉ። በእኛስ አገር ምንጭ ዳር ያልተወራ ወሬ አለ?

መልስ 3፦
ሲያዝዙት «ኤይ ኤይ» ቢልዎት እንደ ቀልድ አይቁጠሩበት። «አዎ» ለጥያቄ የሚሰጥ መልስ ሲሆን፣ «ኤይ ኤይ» ግን ትእዛዙን ተረድቻለሁ፣ እፈጽመዋለሁም ማለት ነው። ሁሉም ቃል ግን ከባሕር የመጣ አይደለም፤ «ገንግ ሆ» (በጋለ ስሜት የተነሣሣ) የሚለውን እ.ኤ.አ. በ1942 አካባቢ ወደ ማሪኖች ያስገባው የማሪን መኮንኑ ኢቫንስ ካርልሰን ከቻይንኛ ወስዶ ነው።