ከአዲስ አበባ መርሳ በዌዝ መሄድ ያዋጣል?

መርሳ ናፋቂ፦
ሰላም ጀማው። በሚቀጥለው ሳምንት እናቴን ይዤ ወደ መርሳ ልወጣ ነው። ከዚያ ላሊበላ ደርሰን እንመለሳለን። መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ የምነዳው እኔ ነኝ። በዚያ መስመር ራሴ ነድቼ አላውቅም። እስከዛሬ በአውቶቡስ ነበር፣ ያውም ተኝቼ። ከአሜሪካ የመጣው የአክስቴ ልጅም አብሮን ይሄዳል። እሱ ስለ ዌዝ፣ ስልክ ላይ መንገድ ስለሚመራው አፕ ሲያወራ "ዌዝ ካለ ምን ችግር አለ፣ ፖሊሱንም ጉድጓዱንም ቀድሞ ይነግርሃል" እያለ መውጫ መግቢያ አሳጥቶኛል። እናቴ ደግሞ "መንገድ ሰው ተጠይቆ ነው እንጂ በስልክ የሚሄደው ማነው" ትላለች። እዚያ የተጠቀማችሁበት ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ።

ሐረጎ፦
አበሽር ወንድሜ። የደሴ ልጅ ነኝ፣ እንጀራዬም እዚሁ መስመር ላይ ነው፤ በፒክአፕ ዕቃ አመላልሳለሁ። ዌዝ ስልኬ ላይ አለ። የአክስትህ ልጅ አልዋሸም፣ ግን የሚያወራው ስለ አሜሪካ መንገድ ነው።

ዌዝ ራሱ ዓይን የለውም። ዓይኑ አፑን ከፍተው የሚነዱት ሰዎች ናቸው። ስልካቸው ፍጥነታቸውን ይልክለታል፣ መንገዱ መጨናነቁን ከዚያ ያውቃል። ፖሊሱን፣ አደጋውንና ጉድጓዱን ደግሞ አንድ ሰው ተጭኖ ሪፖርት ካላደረገ ከየት ያምጣው? ስለዚህ ከመገናኛ እስከ ለገጣፎ ክፈተው። ጠዋት ኮተቤ ሲዘጋጋ በአያት ውጣ ይልህ ይሆናል፣ እዚያ የሚጠቀም ሰው አለ። ሰንዳፋን ካለፍክ በኋላ ግን ስክሪኑ ላይ ብቻህን ነህ። ዝም ሲልህ መንገዱ ሰላም ነው ብለህ እንዳትለቀው፤ የሚናገር ሰው ስለሌለ ነው ዝም ያለው።

መድረሻ ሰዓቱንም ብዙ አትመነው። ከኮምቦልቻ ደሴ በካርታ ቢያዩት ቅርብ ነው። ግን ወደ 600 ሜትር ሽቅብ ነው፣ ሁሉም በኩርባ። ሐረጎ ዳገት ላይ አንድ የተጫነ ተሳቢ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ከፊትህ ከገባ፣ እሱ የፈለገውን ያህል ነው የምትሄደው። ከጅቡቲ የጫነው በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ላይ ይቀላቀልሃል። ኩርባው አያሳይም፣ ለመቅደም አትቸኩል።

የእኛ መስመር የራሱ ዌዝ አለው። ከፊት የሚመጣው ሾፌር መብራት ብልጭ ካደረገልህ ቀንስ። ትራፊክ ሊሆን ይችላል፣ ከብት ሊሆን ይችላል፣ ከሚሴ አካባቢ ግመልም ሊሆን ይችላል። አስፋልቱ ላይ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ተጥሎ ካየህ ደግሞ ከኩርባው ወዲያ የተበላሸ መኪና ቆሟል ማለት ነው። ከቅርንጫፉ ቀጥሎ ድንጋይ ይደረደራል። ችግሩ እዚህ ጋ ነው። መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩን የሚያነሳ የለም። ዌዝ ላይ የቆየ ሪፖርት፣ የሚያልፈው ሰው "የለም" እያለ ሲጫን ይጠፋል። የኛ ድንጋይ ግን እዚያው ያድራል፣ በጨለማ ጎማህን ይጠብቃል። ስለዚህ ደሴ ላይ ከመሸብህ እዚያው እደር። መርሳ የትም አትሄድም።

ካርታ ሣይዋ፦
ሐረጎ ያለው ልክ ነው። እኔ የኔትወርኩን ነገር ልጨምር። ጉግል ዌዝን በ2013 እ.ኤ.አ. ገዝቶታል፣ ሆኖም እንደ ጉግል ማፕስ ካርታ አውርደህ ያለ ኔትወርክ የምትጠቀምበት አይደለም። ኔትወርክ ባለበት ጉዞውን ካስጀመርከው፣ አፑን እስካልዘጋኸው ድረስ ብዙ ጊዜ መምራቱን ይቀጥላል። ከመስመር ከወጣህ ወይም ዘግተህ ከከፈትከው ነው የሚያስቸግርህ። ጂፒኤሱ ከሳተላይት ስለሆነ ዳታ አይፈልግም። ቤትህ እያለህ በዋይፋይ ኦርጋኒክ ማፕስን፣ ያለ ኔትወርክ የሚሠራውን የካርታ አፕ ጫንና የኢትዮጵያን ካርታ አውርድበት።

እሱም ካርታውን የሚያመጣው ከኦፕንስትሪትማፕ ነው፣ ማንም ገብቶ የሚሞላው። እኔም ትርፍ ሰዓት ሲኖረኝ እሞላለሁ፣ ስለዚህ ጉዱን አውቃለሁ። ብዙው መንገድ የሚሣለው የሳተላይት ፎቶ እየታየ ነው። ቆላው ላይ ደግሞ ውሃው የደረቀ የወንዝ አሸዋ ከላይ ሲታይ ቁጭ መንገድ ነው! አንዱ ቸኩሎ መንገድ ብሎ ይሥለዋል፣ አፑም በዚያ ሂድ ይላል። ከዋናው አስፋልት የሚያስወጣህ አቋራጭ ካሳየህ መጀመሪያ እዚያ የቆመ ሰው ጠይቅ። በዚህ በዚህ እናትህ ልክ ናቸው።

ወልድዬው፦
የላሊበላውን ማንም አልነካውም። ከወልድያ ወጥተህ ድልብ ስትደርስ ሁለት ምርጫ አለህ። አጭሩ በኩልመስክ ነው፣ ስልክ ደግሞ አጭር ይወዳል። በቪትዝ እንዳትሞክረው። በጋሸና ዙር፣ ከጋሸና ላሊበላ ወደ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ከመነሳትህ በፊት ደግሞ ለዘመድ ደውለህ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣራ። ናዳም ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል፣ ይህን አፕ ላይ አታገኘውም።

ስልኩን ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ውስጥ አታስቀምጥ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ከሚሴ ያለው ሙቀት ስክሪኑን አደብዝዞ ያጠፋብሃል።

መርሳ ናፋቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጀማው። ለአክስቴ ልጅ አነበብኩለት። "እንግዲያው እኔ ራሴ እየሄድኩ ሪፖርት አደርጋለሁ" ብሏል። አሁን ከፊት ልቀመጥ እያለ ከእናቴ ጋር ተፋጠዋል።

ሐረጎ፦
ሪፖርት ያድርግ፣ ለሚቀጥለው ሰው ይጠቅማል። አንተ ብቻ እየነዳህ ስልኩን እንዳትነካካ፣ ያስቀጣሃል። ከፊት ግን እናትህን አስቀምጣቸው። ሐረጎ ከኋላ የተቀመጠን ሰው ያዞራል፣ እሱ ወጣት ነው ይቻለው። ሎሚም ያዙ።