ክርክር፦ የቤዝቦል ጌም ስፖርት ነው ወይስ ሒሳብ?

የውይይት ቡድኑ አስተዳዳሪ፦ «በጅማ ወጣት ማዕከላት ፕሌይስቴሽን ከስፖርት ዕቃ ጋር ይገዛ» የሚሉ አሉ። ማስረጃቸው ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው፤ በ2021 እና በ2023 እ.ኤ.አ. ባካሄዳቸው የቨርቹዋል ውድድሮች ቤዝቦል የጃፓኑ ኩባንያ ኮናሚ በሠራው ጌም ተካቷል። ከፈረንጅ አራዳ፣ ከኮቺ፣ ከሰጦ፣ ከየሰፈራችሁ መልሱ፤ ትስማማላችሁ? ስድብ ክልክል ነው።

የፈረንጅ አራዳው፦ አልስማማም። ቤዝቦል ላይ ወርዋሪው የሚቆምበት ቦታ ከመቺው 18.44 ሜትር ይርቃል። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የተወረወረች ኳስ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አትፈጅም። በዚያች ቅጽበት ማየት፣ መወሰንና ዱላውን ማዞር ነው ስፖርቱ። ጌሙ ላይ የሚሠራው አውራ ጣት ነው። ጆተኒ ስንት ዘመን በየበረንዳው ሲዞር ኖረ፤ ለሱ የስፖርት በጀት ይያዝ ያለ አለ?

አባ ዳይስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ስለ ተጫዋቹ ነው የምታወራው። የቤዝቦል ጌም የሚመስለው አሰልጣኙን ነው። ሃል ሪችማን በ1961 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ስትራት-ኦ-ማቲክ የተባለ የቤዝቦል ጌም ተመልከት፤ ስክሪን የለው፣ ካርድና ዳይስ ብቻ። መቺውም ወርዋሪውም በዓመቱ እውነተኛ ውጤታቸው የተሠራ የየራሳቸው ካርድ አላቸው። ሦስት ዳይስ ይጣላል። አንዱ ለብቻው ይነበባል፤ ከ1 እስከ 3 ካሳየ የመቺው ካርድ፣ ከ4 እስከ 6 ካሳየ የወርዋሪው ካርድ ይታያል። የቀሩት የሁለቱ ዳይስ ድምር ደግሞ ካርዱ ላይ ያለውን ውጤት ይጠቁማል። ሁለት ዳይስ በ36 መንገድ ይወድቃል፤ 7 በስድስት መንገድ ሲመጣ 2 እና 12 በአንድ አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚመጡት።

ካርድ ራሳቸው የሚሠሩ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ከ10 ሙከራ 3 ለሚመታ ሰው ካርዱ ላይ 30 በመቶ ይጽፉለታል። ግን ግማሹን ጊዜ የሚነበበው የወርዋሪው ካርድ ነው! እዚያ 25 በመቶ ከተጻፈ የመቺው 35 መሆን አለበት፤ ያኔ ነው አማካዩ 30 የሚመጣው። 35 በመቶ ከ36ቱ ወደ 13 ይጠጋል፤ 7 (ስድስት)፣ 6 (አምስት)፣ 2 እና 12 (አንድ አንድ) ላይ ምት ጻፉለት። ይህን የዘለለ ሰው ኮከቡም ደካማውም አንድ ዓይነት ይሆኑበታል።

የኮቺ አሰልጣኝ፦ ስሌቱ አያከራክርም። የሚሠራው ግን ቤዝቦል ቆም እያለ የሚሄድ ጨዋታ ስለሆነ ነው፤ አንድ ወርዋሪ፣ አንድ መቺ፣ ውጤት፣ እንደገና ከመጀመሪያው። በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሣውን የጅማ አባ ጅፋርን ጨዋታ በዳይስ አጫውተኝ እስቲ! 22 ሰው በአንዴ ይንቀሳቀሳል፤ ተከላካይ ኳስ ሳይነካ በአቋቋሙ ብቻ ጎል ያድናል፤ ያ በየትኛው ካርድ ይጻፋል? ከእግር ኳስ ለዳይስ የሚመቸው ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ነው፤ 11 ሜትር፣ አንድ ለአንድ።

የሰጦ ልጅ፦ የቤዝቦሉም ቢሆን ቀዳዳ አለው። ዓመቱን ሙሉ 10 ጊዜ ብቻ ቀርቦ 5 የመታ ተጠባባቂ ካርዱ ላይ 50 በመቶ ይዞ ይወጣል። ብልጥ ተጫዋች እሱን በየጨዋታው ያሰልፈዋል፤ እውነተኛ አሰልጣኝ እንዲህ አያደርግም። መፍትሔው ገደብ ነው፤ ማንም በዓመቱ በእውነት ከቀረበበት ብዛት በላይ አይሰለፍ። ወርዋሪም እንዲሁ፤ ዳይስ ትከሻ ስለሌለው አይደክምም፣ ድካሙን ሕግ ካልጻፈው።

የፈረንጅ አራዳው፦ በለው! «ትከሻ ስለሌለው» አልክ። የኔም ክርክር እሱ ነው።

የሰጦ ልጅ፦ ቆይ፣ አልጨረስኩም። መሣሪያው እጅና እግርን እንደ እውነተኛው ካሠራ ችሎታው ይሻገራል። ግራን ቱሪስሞ የተባለውን የመኪና እሽቅድምድም ጌም ተጫዋቾች ወደ እውነተኛ መኪና ያሸጋገረው ጂቲ አካዳሚ በ2008 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ ሉካስ ኦርዶኔዝን አወጣ፤ ሰውየው በ2011 እ.ኤ.አ. «ለ ማን» በተባለው የፈረንሳይ የ24 ሰዓት የመኪና ውድድር ላይ ተወዳደረ። ምክንያቱ መሪና ፔዳሉ ነው። የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ ግን ከኳስ ጋር ዝምድና የለውም። ስለዚህ ለጅማ መልሴ፦ አይገዛ።

አባ ዳይስ፦ እኔም ፕሌይስቴሽን ይገዛ አላልኩም። አውት ኦቭ ዘ ፓርክ የተባለውን የቤዝቦል ማኔጀር ጌም በ1999 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማርኩስ ሃይንሶን ጀርመናዊ ነው፤ አገሩ የእግር ኳስ አገር ናት። ጨዋታውን በቁጥር በኩል መረዳት ይቻላል ማለት ነው። ለማዕከሎቻችን ደብተር፣ ካርቶንና ሦስት ዳይስ ይበቃል። የየልጁን ፍጹም ቅጣት ምት መዝግቡ፣ ለበረኛውም ካርድ ሥሩ።

የኮቺ አሰልጣኝ፦ በስንት ምት? 20 መትቶ 15 ያገባ ልጅ እኮ እውነተኛ ችሎታው ከ55 እስከ 90 በመቶ የትም ሊሆን ይችላል። በዚያ ካርድ መቺ የሚመርጥ ሰው በዕድል ነው የሚመርጠው። ቢያንስ 100 ምት ይመዝገብ፤ ልምምድና ውድድርም አይደባለቁ። ባዶ ሜዳ ላይ የሚያገባና ስታዲየም ሲሞላ የሚያገባ አንድ አይደለም።

አባ ዳይስ፦ ልክ ነሽ፣ 100 ይሁን። ዳይሱንም ፈትሹት፤ የሉዶ ዳይስ ማዕዘኑ ተበልቶ ያዳላል። 120 ጊዜ ጣሉት፤ እያንዳንዱ ገጽ 20 አካባቢ መውጣት አለበት። አንዱ 32 ካለፈ ቀይሩት።

የፈረንጅ አራዳው፦ እና 120 ጊዜ ዳይስ መጣሉስ ስፖርት ሊባል ነው?