የሐና ታሪክ ልጅ ባላገኘች እኅት ፊት እንዴት ይነገራል?

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)
ጤና ይስጥልን ወንድሞችና እኅቶች። ወር በገባ በ21 ለእመቤታችን የምንጠጣው የሴቶች ጽዋ ማኅበር አለን። የሚቀጥለው ተራ የእኔ በመሆኑ፣ ከመስተንግዶው ሌላ፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ካሉ ሴቶች አንዷን መርጬ ዛሬ ላለው እምነታችን ምን እንደምታስተምረን በአጭሩ እንድናገር ታዝዣለሁ። የመረጥኋት መካን ሆና በጸሎት ልጅ ያገኘችውን የሳሙኤልን እናት ሐናን ነው። በእኛ አካባቢ እርሷን መምረጥ አያስቸግርም፤ በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ደንገጎን ወጥቶ ቁልቢ ገብርኤል ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ልጅ ለምና የተሳለች፣ አግኝታም ልታስጠምቅ ሕፃን ያቀፈች እናት ብዙ ናት።

የተቸገርሁት በዚህ ነው። ከማኅበርተኞቻችን አንዷ በትዳር 11 ዓመት ቆይታ ልጅ አላገኘችም። ቁልቢም በእግሯ ደርሳለች። ባለፈው ወር አንዲት ሴት «ሐና ከልቧ ስላለቀሰች ተሰጣት፤ ያንቺ ልብ ገና አልተሰበረም ማለት ነው» ብላ ተናገረቻትና እኅታችን ጽዋው ሳይነሣ ወጥታ ሄደች። አሁን እኔ ስለ ሐና ብናገር ያንኑ ቃል በለሰለሰ አንደበት የምደግምባት መስሎ ታየኝ። ታሪኩን ልተወው ወይስ የምናጣምመው እኛ ነን?

ከጀጎል ማዶ (ሐረር)
እኅቴ፣ ታሪኩን አይተዉት፤ ነገር ግን ከመጨረሻው ጀምረው ወደ ኋላ አያንብቡት። ሁላችንም ሳሙኤል እንደሚወለድ አውቀን ስለምናነበው፣ ጸሎቱን እንደ ዘር ልጁን እንደ መከር እናየዋለን። ምዕራፉ ግን የሚሄደው በሌላ ቅደም ተከተል ነው። በ1ኛ ሳሙኤል 1፥18 ሐና ከሴሎ ቤተ መቅደስ ወጥታ መንገዷን ሄደች፣ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ ያዘነ መስሎ አልታየም። በዚያ ሰዓት ልጅ የለም፣ ፅንስም የለም፤ ጣውንቷ ፍናናም ከነልጆቿ እንዳለች ናት። የተለወጠ ነገር ቢኖር ሸክሟን ማን ዘንድ እንዳስቀመጠች ማወቋ ብቻ ነው። እኔ እምነት የምለው ይህን ቁጥር 18 ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ስጦታ ነው።

ያቺ ተናጋሪ ላለችውም መልሱ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አለ። ማኅፀኗን የዘጋው እግዚአብሔር እንደ ነበር ቁጥር 5 በግልጽ ሲናገር፣ ኃጢአቷን ወይም የጸሎቷን ማነስ በምክንያትነት አላነሣም። እንዲያውም በዚህ ታሪክ የተሳሳቱት በሐና ላይ የፈረዱት ናቸው። ካህኑ ዔሊ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፅዋ ስላልተሰማው ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ባሏ ሕልቃና፣ ደግ ሰው ቢሆንም፣ ከዐሥር ልጆች አልሻልሽምን ብሎ ሊያጽናናት ሞከረ። (እንዲህ የሚያጽናና ባል ዛሬም አልጠፋም።) ሐና ዔሊን በአክብሮት፣ ነገር ግን ሳትሸማቀቅ፣ አልሰከርሁም፣ ነፍሴን በእግዚአብሔር ፊት እያፈሰስሁ ነው ብላ መለሰችለት፤ እርሱም ቃሉን ወደ ምርቃት ለወጠ። የተሳሳተ ሰው ስሕተቱን እንዴት እንደሚመልስ ከዔሊ መማር ለማኅበራችሁ ሳይጠቅም አይቀርም።

የሳቢያን ልጅ (ድሬዳዋ)
እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ በእናንተ መካከል መግባቴን ይቅርታ እየጠየቅሁ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ከሐና ጋር ሌላዋን ሐና ቢያነሡስ? በሉቃስ 2፥36 የተጻፈችው ከአሴር ነገድ የሆነች የፋኑኤል ልጅ ከባሏ ጋር 7 ዓመት ብቻ ኖራ መበለት ሆነች፤ በእርጅናዋም ከመቅደስ ሳትለይ በጾምና በጸሎት ሌሊትና ቀን ታገለግል ነበር። ወንጌሉ ስለ ልጅ አንድም ቃል አይናገርላትም፤ ነቢይት ብሎ ግን ይጠራታል። ሕፃኑ ኢየሱስ ወደ መቅደስ በገባ ጊዜ የኢየሩሳሌምን ቤዛ ለሚጠባበቁት ሁሉ ስለ እርሱ የነገረቻቸው እርሷ ናት። በስም አንድ የሆኑ ሁለት ሴቶች፣ አንዷ ሕፃን ይዛ ወደ ቤተ እግዚአብሔር የመጣች፣ ሁለተኛዪቱ እዚያው ሆና የሌላ እናት ሕፃን የተቀበለች።

ስለ ስለቱ ግን በእውነት ለመናገር ያህል፣ ይህን ከሰጠኸኝ ያን እሰጥሃለሁ ማለት ቀፊራ ገበያ ላይ እንደሚደረግ ንግድ ይሆንብኛል።

እማማ ነኝ (ሐረር)
ልጆቼ፣ የምጽፈው በልጅ ልጄ እጅ ነው፤ የወንድሜ ልጅ ልጅ ማለቴ ነው፣ እኔስ አልወለድሁም። ዕድሜዬ 73 ነው።

የሳቢያኑ ልጄ፣ ንግድ ያልኸው አላስቀየመኝም፣ ልክ የሆነበትም ቦታ አለ። ግን ሐና የተሳለችውን አስተውል፤ ብትሰጠኝ ያንኑ የሰጠኸኝን መልሼ እሰጥሃለሁ ነው ያለችው። ጡት ካስጣለችው በኋላ ልጁን ለዔሊ አስረክባ ባዶ እጇን ተመለሰች፣ ከዚያም በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ እየሠራች ትወስድለት ነበር። ዕቃ ሰጥቶ ዕቃውን ራሱን በዋጋነት የሚቀበል ነጋዴ ቀፊራ ውስጥ አይቼ አላውቅም።

ለአንቺ ደግሞ፣ ልጄ፣ ዳዊት የምትደግሚ ከሆነ መዝሙሩ ሲያልቅ ጸሎተ ነቢያት ይቀጥላል፤ እዚያ የሐና ጸሎት ከሙሴ ጸሎቶች ቀጥሎ ይገኛል። አባቶች ጸሎቷን ከነቢያት ጋር የደመሩት ስለ ወለደች ብቻ አይመስለኝም፤ የወለደችማ ፍናናም ነበረች። በወጣትነቴ «መካኒቱ ሰባት ወለደች» የሚለው ላይ ስደርስ ዘልዬ አልፈው ነበር፣ ያመኝ ነበርና። በኋላ ግን ቆጠርሁ፤ ሐና ሳሙኤልን፣ ከዚያም ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ወለደች፤ ሲደመር ስድስት ነው። ሰባት ያለችው እንግዲህ የራሷን ቤት እየቆጠረች አይደለም፤ የተራበው ስለ መጥገቡ፣ ድኻውን ከትቢያ ስለማንሣቱ፣ የእግዚአብሔርን ሥራ ነው የምታወራው። እመቤታችንም «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» (ነፍሴ እግዚአብሔርን ታከብረዋለች) ብላ ስትጸልይ ይህንኑ የሐናን መንገድ ተከትላለች። ከዚያ ወዲህ አልዘለልሁትም።

የከዚራዋ (ድሬዳዋ)
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትምህርቱን ከቁጥር 18 እጀምረዋለሁ፤ የሉቃሷን ሐናም እጨምራለሁ። እማማ፣ የሰባቱንና የስድስቱን ነገር ግን በጉባኤ ከመናገሬ በፊት ነገ ከሥራ ስወጣ ልጅ ያላገኘችው እኅታችን ቤት ሄጄ ለብቻዋ ላነብላት አስቤአለሁ። ስለዚያች ተናጋሪ ሴት ምን እንደማደርግ ገና አልወሰንሁም፤ እርሷም ማኅበርተኛ ናት።