ኢስታንቡል ያላችሁ፣ ትልቁ መንቀጥቀጥ ቢመጣ ማን ጋ ነው የሚደወለው?

የአክሳራይዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኢስታንቡል ሰው ቤት ነው የምሰራው። በ2025 አፕሪል 23 ያ 6.2 የሆነው ሲመታን አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻዬን ነበርኩ፣ አሰሪዎቼ በዓል ስለነበር ወጥተዋል፣ ልሩጥ ልደበቅ ግራ ገባኝ። አሁን ሰዉ ሁሉ ትልቁ ገና ነው ይላል። ቱርክኛ ብዙም አልችልም፣ ኢካሜቴም (የመኖሪያ ፈቃዴ) አልቋል። አንድ ነገር ብሆን የት ነው የምደውለው? ሆስፒታል ብሄድስ ይይዙኛል? እማዬም ያኔ ስልኬ አልሰራ ሲላት ስታለቅስ ነው ያደረችው። የምታውቁ ንገሩኝ በእናታችሁ

ፋቲህ ሰፈር፦
እንኳን ተረፍሽ እህቴ። መሬቱ እየተንቀሳቀሰ እያለ በፍጹም አትሩጪ፣ ደረጃም ሊፍትም ይቅርብሽ። ያን ቀን ከ150 በላይ ሰው የተጎዳው ሕንጻ ወድቆበት ሳይሆን ደንግጦ ከከፍታ ሲዘል ነው። ጠንካራ ጠረጴዛ ካለ ስር ግቢና እግሩን ያዢ፣ ከሌለ አልጋው አጠገብ ጎንበስ ብለሽ ጭንቅላትሽን ሸፍኚ፣ ከመስኮትና ከቁምሳጥን ራቂ። ሲቆም ጫማ አድርጊ መስታወት ይረግፋል፣ ጋዙን ዝጊ፣ ላይተር እንዳትለኩሺ፣ ከዛ ውጪ።
ስልኩ 112 ነው፣ አምቡላንስም እሳት አደጋም ፖሊስም በሱ ነው። 157 ደግሞ የውጭ ዜጎች መስመር ነው ቀንም ማታም ይሰራል፣ እንግሊዝኛም አረብኛም ይናገራሉ፣ ቤሩት ወይ ሳውዲ ከሰራሽ በአረብኛ ትግባቢያለሽ። የቤቱን አድራሻ፣ መሀሌውን (ሰፈሩን) ሶካኩን (መንገዱን) የሕንጻውን ቁጥር ፎቁን በቱርክኛ አስጽፈሽ ስልክሽ ጀርባ ላይ ለጥፊው። በየሰፈሩ መሰብሰቢያ ሜዳ አለ ቶፕላንማ አላኒ ይሉታል፣ አረንጓዴ ታፔላ አለው፣ ጎረቤት ጠይቂና ዛሬውኑ በእግርሽ ሄደሽ እዪው

አንቴፕ የነበርኩ፦
በ2023 ፌብሩዋሪ 6 ጋዚያንቴፕ ተማሪ ነበርኩ። 7.8ቱ የመጣው ከሌሊቱ 10፡17 ነው፣ በረዶ ነበር፣ ሰው በካልሲ ነው የወጣው፣ ስለዚህ ጃኬት በር አጠገብ ስቀሉ። ብርድ ልብስ ላምጣ ፓስፖርት ላምጣ ብለው ብዙ ሰዎች ተመልሰው ገቡ፣ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ 7.5 መታ!! ሕንጻው ተመርምሮ ግቡ እስኪባል ድረስ ለምንም ነገር አትመለሱ እባካችሁ።
ስልክ መደወል እምቢ ሲል ቴክስት ብዙ ጊዜ ያልፋል። አገር ቤት ላለ አንድ ሰው ብቻ ላኪ እሱ ለሌላው ይንገር፣ ቻርጅሽን ቆጥቢ። ፍርስራሽ ስር ከሆንሽ ደግሞ ዝም ብለሽ አትጩሂ አቧራው ያፍንሻል፣ ቧንቧ ወይ ግድግዳ አንኳኪ። አዳኞቹ ሁሉን ጸጥ አስደርገው «ሴሲሚ ዱያን ቫር ሚ» ይላሉ፣ ድምፄን የሚሰማ አለ ወይ ማለት ነው፣ ያኔ ነው ባለ በሌለ ኃይልሽ «ቡራዳይም»፣ እዚህ ነኝ፣ የምትዪው

እታባ፦
ስለ ወረቀቱ ልንገርሽ የኔ ልጅ። ሆስፒታል ማንም አይጠይቅሽም ብዬ አልዋሽሽም፣ ሊጠይቁሽም ክፈይ ሊሉሽም ይችላሉ፣ ግን ድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ ነፍስ ነው የሚያድነው፣ ደም እየፈሰሰሽ ኢካሜት የለኝም ብለሽ ቤት እንዳትተኚ። ፓስፖርትሽ አሰሪሽ ጋ ከሆነ አንዴ ተቀበዪና ፎቶ አንስተሽ ለእህትሽ በቴሌግራም ላኪላት። ቢጠፋ አንካራ ኤምባሲያችን ሊሴ ፓሴ (በፓስፖርት ፈንታ የሚሰጥ የጉዞ ወረቀት) ስትጠይቂ ያ ፎቶ ብዙ ያቀልልሻል፣ ሳይኖራቸው ማንነታቸውን ለማሳመን የተንከራተቱ ልጆች አይቻለሁ አንጀቴን ነው የበሉት

የአክሳራይዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ፓስፖርቱን ማታ እጠይቃታለሁ። አድራሻውን ግን በቱርክኛ ማን ይጽፍልኛል?

ፋቲህ ሰፈር፦
በሩ ላይ ያለውን ቁጥርና የሶካኩን ታፔላ ፎቶ አንሺና ኢንቦክስ ላኪልኝ፣ እዚህ በግልጽ እንዳትለጥፊው። ጽፌ እልክልሻለሁ፣ ለ112 ምን ብለሽ እንደምታነቢውም በድምፅ ቀድቼ