እናቴ ደም ማቅጠኛ ላይ ነች፣ የድብርት መድኃኒት ተጨመረላት። የቱን ላስቁማት?

የኮምቦልቻዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የልብ ምቷ ስለሚዛባ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን ከጀመረች 3 ዓመቷ ነው። አባቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍም እህልም እምቢ ሲላት ደሴ ወስደናት የድብርቱ መድኃኒት ፍሉኦክሰቲን ታዘዘላት። ሐኪሙ ሌላ ነው፤ ስለ ዋርፋሪኑ አልጠየቀንም፣ እኛም አላነሳንም። ዛሬ 12 ቀኗ ነው። ትናንት በመፋቂያ ስትፋቅ ድዷ ደማ፣ ክንዷም ሳትመታ በልዟል። ደግሞ ገና እህል መቅመስ ጀምራ ነበር። እባካችሁ ምን ላድርግ?

ፋርማሲስት ከደሴ፦
አብሽሪ እህቴ፣ ግን የቱንም በራስሽ አታስቁሚ። ዋርፋሪኑ በድንገት ቢቆም ደም ረግቶ ስትሮክ ሊያመጣባት ይችላል። ዛሬውኑ አይኤንአር (ደሟ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳይ የደም ምርመራ) አስለኪላት። እንደሷ የልብ ምት ለሚዛባባቸው ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ፍሉኦክሰቲን ዋርፋሪንን የሚሰባብረውን የጉበት ሥራ ያዘገየዋል፣ ስለዚህ ያው የድሮው መጠን ደሟ ውስጥ ይበዛል ማለት ነው። በዚያ ላይ በፍሉኦክሰቲኑ ምክንያት ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶች ለመጣበቅ የሚረዳቸው ሴሮቶኒን የሚባል ንጥረ ነገር ያንሳቸውና ቁስል ቶሎ አይደፍኑም። ይሄኛው በአይኤንአር አይታይም፤ ቁጥሩ ደህና ሆኖም ልትደማ ትችላለች። ፍሉኦክሰቲኑን ብታቆመው እንኳ ከሰውነት ለመውጣት ሳምንታት ይፈጃል። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንቷ ከቀላ፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከያዛት ወይ ወድቃ ጭንቅላቷን ከተመታች ግን ወረፋ ሳትይ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ባለ ቫልቩ፣ ወልዲያ፦
እኔ የልብ ቫልቭ ተቀይሮልኝ ዋርፋሪን እወስዳለሁ፣ ሰርትራሊን የሚባል የድብርት መድኃኒትም አብሮ። ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል፣ ሐኪሙ እያወቀ ከሆነ። ስጀምር በየሳምንቱ ነበር የምለካው። እኔን የጎዳኝ ሌላ ነው፤ ወገቤን ሲያመኝ ለማንም ሳልናገር ዳይክሎፌናክ ገዝቼ ዋጥኩ፣ በ4ኛው ቀን ደም እየፈሰሰኝ ተኛሁ። አይቡፕሮፌንም አስፕሪንም ያው ናቸው፣ ሐኪም ካላዘዘ አትስጫት። ጎመንም አትከልክያት፣ ብቻ አንድ ሳምንት በየቀኑ በልታ ሌላው ሳምንት ጭራሽ እንዳትተወው።

የኮምቦልቻዋ፦
ሄድን። 4.8 ሆኖ ተገኘ! ዋርፋሪኑን ዛሬ ማታ እንድትዘል፣ ከነገ ጀምሮ መጠኑ ተቀንሶ እንድትወስድ፣ በ5 ቀን ተመልሳ እንድትለካ ነገሩን። የድብርቱ ይቀጥላል፣ ሁለቱም ሐኪሞች በስልክ ተነጋግረዋል። እንዴት እንደማመሰግናችሁ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ፣ ጉልበቷን የምትቀባው ቅባት ላይ ዳይክሎፌናክ ይላል፣ እሱም ይቆጠራል?

ፋርማሲስት ከደሴ፦
ይቆጠራል። በቆዳ የሚገባው ትንሽ ነው፣ ግን አሁን ቁጥሯ እስኪወርድ ተዪው፣ በ5ኛው ቀን ስትሄዱም ቱቦውን ይዘሽ አሳያቸው።